ሰው መርዶ ቆሞ አይሰማም

በአብነት ሰፈር እኔን በማለዳ በሩ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው የለም። ቀን ቀን ሱቄ እየመጡ በርበሬና ሽሮ ይገዙኛል፤ በዋጋ ይከራከሩኛል፣ እኔም አፌን አልሰስትባቸውም፣ ስንሰዳደብ ውለን ማታ "ደህና እደሪ" ተባብለን እንለያያለን። ያ ሰላም ነው። ገና ወፍ ሲንጫጫ ድምፄን ከበሩ ውጭ የሰማ ሰው ግን በሩን ሳይከፍት ዘመዶቹን በልቡ ይቆጥራል። የእድራችን መርዶ ነጋሪ እኔ ነኝና።

ማንም አልሾመኝም። ነገሩ የጀመረው በራሴ ቁስል ነው። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ አገር ወጥቶ በመኪና አደጋ ሲሞት ለእኔ የነገረኝ ስልክ ነው። አብነት ታክሲ ተራ ላይ ቆሜያለሁ፤ በአንድ እጄ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል፣ በሌላው የልጄን እጅ ይዣለሁ። የማላውቀው ወንድ ድምፅ "የእገሌ ባለቤት ነሽ? አስከሬኑን ወዴት እንላከው?" አለኝ። እንዲሁ ነው ያለኝ፣ ሰላምታ እንኳ የለው። እኔ መሬት ላይ ስወድቅ ሽንኩርቱ ተበተነ። ልጄ ገና ፊደል ያልቆጠረች ሕፃን ነበረች፤ የሆነው ነገር ስላልገባት፣ በሰው እግር መሀል እየተሹለከለከች ሽንኩርቱን ስትለቅም ትዝ ይለኛል። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ ልደታ ትመስክር።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ዝም ብሎ መቀመጥ አላስችል አለኝ። "አንቺ ቁጡ፣ አንቺ ለመርዶ?" አሉኝ መጀመሪያ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው እኮ ቁጡ ሰው ነው! ለስላሳው ሰው "ትንሽ አሞት ነበር… አሁን እንኳ… ማለቴ…" እያለ ሰሚውን አስሬ ይገድለዋል።

መርዶ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መርዶ የሚነገረው ሰው ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት እንደሆነ እናጣራለን። ማታውን አንድ ሰው "መብራት ጠፍቶብኛል" ብሎ እዚያ ቤት ያድራል፤ እራት መበላቱን ያያል፣ ስልኩን ከአጠገቡ ዞር ያደርጋል። ሊነጋጋ ሲል እንሄዳለን። ነጠላችንን እንደ ወትሮው ለብሰን እንጂ ዘቅዝቀን አንሄድም፤ የምንዘቀዝቀው ከነገርን በኋላ ነው። ከዚያ እናስቀምጠዋለን። ሰው መርዶ ቆሞ አይሰማም። ብቻውንም አይሰማም። ከማያውቀው ሰው አፍማ ጭራሽ አይሰማም። አጠገቡ ተቀምጬ ሁለት እጁን እይዝና "ሞተ" እላለሁ። "ደከመ"፣ "አልሆነለትም" የሚሉት ነገር እኔ ጋ የለም።

ዛሬ ግማሹ የእድራችን አባል ቤቱ ፈርሶበት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ከእኔ ግን አላመለጠም። እዚያ ያለው ጥበቃ አንድ ማለዳ "ወደ ማን ናችሁ?" ብሎ ጮኸብን። "ቀስ በል፣ አንተ ስትጮህ ፎቁ ሁሉ ያለቅሳል" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ቆቡን አውልቆ በሩን ቀስ ብሎ ይከፍታል።

ልጄ ይህን ሥራዬን ስትጠላው ነው ያደገችው። "እማዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደብቃችሁ ታሳድሩታላችሁ? የራሱ ሰው እኮ ነው የሞተው! ማወቅ መብቱ ነው!" ትለኛለች። ነርስ ከሆነች በኋላማ ባሰባት። እኔም "አንቺ መርፌሽን ውጊ" እላታለሁ። እንዲህ ነበርን፤ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ቁጡ።

ኮንጎ ኢቦላ ተነሳ ተባለና ከየአፍሪካው አገር የጤና ባለሙያ ሲሰበሰብ፣ እሷ ለካ ስሟን ሰጥታ ኖሯል። የነገረችኝ ትኬቷን ከቆረጠች በኋላ ነው። "አፈር ስሆን! አትሄጂም!" ብዬ ጮህኩ። አለቀስኩ። አኮረፍኩ። እሷ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። በመጨረሻ ቀና አለችና "ባለፈው ክረምት ጎረቤት ቤት እሳት ሲነሳ፣ በባዶ እግርሽ ባልዲ ይዘሽ የሮጥሽው ማን ልኮሽ ነው?" አለችኝ። በርበሬና ሽሮ ቋጠርኩላት። ልደታ ማርያም ደጅ ሄጄ "አንቺም እናት ነሽ፣ አደራሽን" ብዬ ተሳልኩ።

ማታ ማታ ትደውላለች። መጀመሪያ ሰሞን "ደህና ነኝ፣ ሥራ ነው" ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ድምፅ አውቃለሁ። አንድ ማታ "እስቲ እውነቱን አውጪው" ስላት ተንሰቀሰቀች።

"እማዬ፣ ሰዉ ይጠላናል። በሽተኛ ሲኖራቸው ይደብቁናል። ዛሬ መኪናችንን በድንጋይ ደበደቡት። አስከሬን ትሰርቃላችሁ ይሉናል።"

"ትሰርቃላችሁ እንዴ?"

"እማዬ!"

"መጠየቄ ነው። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ እንዴት ነው የምትነግሩት?"

"ይደወልላቸዋል" አለች። "ካልሆነም የቀብር ቡድኑ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ነጩን የመከላከያ ልብስ ለብሶ ሰፈራቸው ሲደርስ ያውቁታል።"

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። "ያቺን ታክሲ ተራ ረሳሻት?" አልኳት። "ሽንኩርት የለቀምሽባትን?"

"አልረሳሁም" አለችኝ። ከዚያ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ "እንዴት ነው የሚነገረው? ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ" አለች።

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ደግሞም አስጠነቀቅኳት፤ "የእኛን ሥርዓት ተሸክመሽ ሄደሽ እንዳትጭኚባቸው። እነሱም ሞት ብርቃቸው አይደለም። መርዶ ነጋሪ አያጡም፤ ማን እንደሆነ ጠይቂ።" ጠየቀች። ለካ ነጋሪ አላቸው! እዚያ ከተማ መርዶ የምትነግረው የአባት እህት ናት፤ ዕድሜ የጠገበች፣ የተከበረች አክስት። እሷን የመሰለች ሰው ቤታቸው ተቀምጣ እያለች በስልክ መደወል! ወይ ጉድ።

አለቆቿ መጀመሪያ አልሰሟትም፤ ጊዜ የለንም አሏት። ይችም የእኔ ልጅ ናት፤ ነዝንዛ ነዝንዛ አሰለቸቻቸው። በመጨረሻ "በይ በአንድ ሰፈር ሞክሪው" ተባለች። ለሟቹ ቤተሰብ አክስት የሆነችውን ሴትና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዛ፣ ነጩን ልብስ ሳትለብስ፣ የማንንም እጅ ሳትጨብጥ በማለዳ ሄደች። ቤተሰቡ ግቢያቸው ውስጥ ተቀመጠ፤ አክስትየዋ ራቅ ብላ ተቀምጣ ተናገረች። ተለቀሰ። ከዚያ በኋላ የቀብር ቡድኑ መጥቶ እዚያው ሰው ፊት፣ ፊታቸው እየታየ፣ ስማቸውን እየተናገሩ ነጩን ልብስ ለበሱ። ቤተሰቡ ሟቹ የሚቀበርበትን ልብስ መረጠ፣ ከርቀት ቆሞ ጸለየ። ድንጋይ የወረወረ የለም።

"እጃቸውን ማን ያዘላቸው?" አልኳት፤ ይኼ ነገር አስጨንቆኛል።

"መንካት አይቻልም እማዬ። ዘፈኑላቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ከአጥር ውጭ ሆኖ ዘፈነላቸው።"

ከዚያ በኋላ ሌላውም ሰፈር እንደዚያ ይደረግልን አለ። ሰዉ የታመመበትን መደበቅ ተወ፤ በራሱ እግር ወደ ሕክምናው የሚመጣ በዛ። ልጄ ስትደውል ሳቋ ይቀድማት ጀመር። እኔማ መሬቱ አልበቃኝም። ለገዢው ሁሉ በርበሬ እየሰፈርኩ "የእኔ ሙያ ኮንጎ ገባ" እላለሁ። ከጎኔ ለስላሳ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሰምታ ሰምታ "መርዶ ኤክስፖርት አደረግሽ በይኛ!" አለችኝ። ትበለኝ! ኮራሁ፣ ምን አባቷ።

ልጄ "በሽታውን ልንጨርሰው ነው" ስትለኝ ሰነበተች። ከዚያ አንድ ሰው ሁሉን አፈረሰው። ከበሽተኛ ጋር ተነካክተሃል ተብሎ በየቀኑ ሙቀቱ ይለካ ከነበሩት መካከል ነው። ፈራና ጠፋ፤ ሌላ ከተማ ዘመዶቹ ቤት ሄዶ ሞተ። ዘመዶቹ ደጎች ናቸው። አጥበው፣ ስመው፣ ገንዘው ቀበሩት። ደግነታቸው ለበሽታው ሰጣቸው። ሥራው እንደገና ከሀ ተጀመረ፣ ልጄም ወደዚያ ከተማ ተላከች። "እማዬ፣ ደከመኝ" አለችኝ። ከዚያች ልጅ አፍ ደከመኝ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ መደወሏን ተወች። "ኔትወርክ የለም፣ አታስቢ" የሚል መልእክት መጣ። አላሰብኩም፤ ኔትወርክ እኛም ጋ ሲፈልገው ነው የሚመጣው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህች ከጎረቤቴ ጋር በየጠዋቱ እንጣላለን። የለስላሳ ሳጥኗን እኔ በር ላይ ትደረድራለች። እኔ "አንሺ!" እላለሁ፣ እሷ "መንገዱን ገዛሽው?" ትለኛለች። ያን ቀን ገና አፌን ሳልከፍት ሳጥኖቿን አነሳች። "ደህና አደሩ፣ እትዬ?" አለችኝ። ዕድሜ ልኳን አንቺ ስትለኝ የኖረች ሴት!

ቀጥሎ የእድራችን ሊቀመንበር መጡ። እኚህ ሽማግሌ በርበሬ ሲገዙኝ "ዛሬስ ስንት ጡብ ፈጭተሽ ቀላቀልሽበት?" ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። ዝም ብለው ገዙ። "ደም ግፊትሽ እንዴት ነው ልጄ? መድኃኒቱን ትወስጃለሽ?" አሉኝ። ማታ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ብርድ ልብሷን ታቅፋ መጣች። "እትዬ፣ መብራት ጠፍቶብን ነው፤ እዚህ ልደር?"

በመስኮት አየሁ። የእነሱ ቤት መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። ይህቺን ውሸት ለሰፈሩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷን ጨምድጄ "ተናገሪ!" ልላት ነበር። ግን ምን ታድርግ? የላኳት ትልልቆቹ ናቸው። በዚያ ላይ በሰው ቤት ስንት ዓመት ያስከበርኩትን ሥርዓት በራሴ ቤት ላፍርሰው? እራቴን በላሁ፣ መብላቴን እንድታይ። ስልኬን ራሴ አነሳሁና ሰጠኋት፤ "ያዥው፣ ማራቅሽ አይቀርም።" ልጅቷ እንባዋን እንዳላይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሊነጋጋ ሲል በሩን እኔው ከፈትኩት። ሊቀመንበሩ ገና ሊያንኳኩ እጃቸውን እንዳነሱ ነበር። ከኋላቸው ጥሩምባ ነፊያችንና ጎረቤቴ ቆመዋል። ነጠላቸው እንደ ወትሮው ነው።

"ግቡ" አልኩ። "ወንበር አዘጋጅቻለሁ። አንቺ በግራዬ ተቀመጪ፣ ስወድቅ ያዢኝ። አንተ" አልኩት ጥሩምባ ነፊውን፣ "አንተ እንዳትናገር፤ ታለቃቅስብኛለህ። ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ሳያድበሰብሱ!"

ተቀመጥኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁላቸው። ሽማግሌው እጆቼን ያዙ።

"አልሞተችም" አሉ።

ሰማሁ፣ ግን አልገባኝም። "ይድገሙት" አልኩ።

"አልሞተችም። ትኩሳት ይዟት ለብቻዋ አስተኝተዋታል። መጀመሪያ የተመረመረው ደሟ ኢቦላ የለም ብሏል፤ ገና ትኩሳቱ እንደጀመረ የተመረመረ ግን አይታመንም፣ ይደገማል። ክትባቱን ተከትባ ነው የሄደችው። ይኸው ነው። የደበቅኩሽ ነገር የለም።"

እጄን ከእጃቸው መነጨቅኩ። "ላልሞተ ሰው በማለዳ ምን አመጣችሁ? እናንተ እኮ ገደላችሁኝ!" ብዬ ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። ጥሩምባ ነፊው ወደ በሩ ሸሸ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። "እሷ ናት ያዘዘችን" አሉ። "ከትናንት ወዲያ ማታ ከተኛችበት ሆና ደወለችልኝ። 'እማዬ በስልክ እንዳትሰማ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ቆማ እንዳትሰማ' አለችኝ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደጋገመችው። እኔ ምን ላድርግ?"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ያቺ ሽንኩርት ለቃሚ ልጅ በትኩሳት እየነደደች የምታስበው እኔ ወንበር ላይ መቀመጤን ነው። አንጀቴን በላችው። ኩራቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣብኝ፤ የቱ እንዳስለቀሰኝ አላውቅም።

ውጤቱ እስኪመጣ ሱቄን አልዘጋሁም፤ ቤት ብቀመጥ አብድ ነበር። ወሬው ግን ቀድሞኝ ሰፈሩን ዞሯል። አንድ የቆየ ደንበኛዬ በርበሬውን ካስመዘነ በኋላ "ልጅሽን ኢቦላ ይዟታል አሉ… በቃ ይቅርብኝ" ብሎ ጥሎት ሊሄድ ሆነ። ልጄ ኮንጎ፣ በርበሬው አብነት! አፌን ከመክፈቴ በፊት ጎረቤቴ ከሱቋ ወጣች።

"አንተ ደነዝ! በሽታ በስልክ የሚመጣ መሰለህ?" ብላ መንገደኛውን ሁሉ ሰበሰበችበት። ከዚያ እሱ የተወውን በርበሬ አንስታ፣ ሰው እያየ፣ ጣቷን ነክራ ላሰችው። "የእሷን በርበሬ ሞቼ ነው የምበላው" ስትል የኖረች ሴት ናት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ጡብ አለበት" አለችኝ። የኮንጎን ሰው ድንጋይ ወረወረ እያልኩ ሳማ ከርሜያለሁ፤ ለካ እኛም ያው ነን።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ስልኩ ጮኸ። የጎረቤቴ ልጅ አሁንም "መብራት ጠፍቶባት" እኔ ጋ ነው የምታድረው። ስልኩን ይዛ ከመኝታዋ ተፈናጥራ ተነሳች፣ አልሰጥም አለችኝ።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።"

ቁጭ አልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጋ በሌላ እጇ እጄን ያዘችኝ።

"እማዬ" አለች ልጄ። ድምፅዋ ሻክሯል። "ተቀምጠሻል?"

"ተቀምጫለሁ።"

"ብቻሽን ነሽ?"

"አይደለሁም! ተናገሪ አንቺ ልጅ!"

"ኢቦላ አይደለም። ተደግሞ ተመርምሮ የለም። ወባ ነው።"

"ወባ ብቻ?"

"ወባ ብቻ።"

ወባ እንዲህ የሚወደድ በሽታ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር! ነጠላዬን በቅጡ ሳልለብስ ወጣሁ። ወደ ሊቀመንበሩ ቤት በሩጫ ወረድኩና የቆርቆሮ በራቸውን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ማን እንደሆንኩ ረስቼዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ የሚሄዱ ሴቶች አዩኝና ባሉበት ቆሙ፤ አንዷ አማተበች። በየበሩ ሰው ብቅ ብቅ አለ። የሊቀመንበሩ ሚስት ከፍታ ስታየኝ "ወይኔ ልጄን! የቱን ልጄን?" ብላ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከኋላዋ ብቅ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ግድግዳውን ተደገፉና "ተናገሪ" አሉኝ። "ሳታድበሰብሺ።"

"የምሥራች!" አልኩ።

ማንም አልመለሰልኝም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየኛል። ከእኔ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅማ።

"የምሥራች እኮ ነው የምላችሁ! ልጄን ወባ ያዛት!"

ነገሩ ቀድሞ የገባው ጥሩምባ ነፊው ነው፤ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ያለቃቅሳል ብዬ ነበር። ሽማግሌው ከግድግዳው ተላቀው መጡ። እኔ ሰው እንደምይዘው አድርገው ሁለት እጄን ያዙና "ምሥር ብዪ" አሉኝ። "ምሥር ብዪ፣ ልጄ።" ከዚያ ከየበሩ፣ ከየመስኮቱ "ምሥር ብዪ! ምሥር ብዪ!" ሆነ። በዚያ ሰፈር ያላንኳኳሁት በር የለም፤ ይህን መልስ ያገኘሁት ግን ያን ቀን ነው።

ማታ ልጄ እንደገና ደወለች። ወባው ለቀቅ ሲያደርጋት ወደ ሥራዋ እንደምትመለስ፣ እዚያች ከተማ ገና በሽተኛ እንዳለ ነገረችኝ። "ነይ!" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"በርቺ" አልኳት። "የዚያችን ከተማ መርዶ ነጋሪ አክስትንም ሰላም በይልኝ።"